ዋስ

ትናንት ሌሊት ምድር ዞር ብላ ተኛች፤
ኮመዲኖዬ ላይ ብርጭቆዋ ከማንኪያዋ ጋር ጥቂት አወራች።
የልደታው ኮንዶሚኒየም ሰው በጋቢ፣ በነጠላ ጫማ ወርዶ፣
ግቢ ቆሞ አነጋ፤ ሕፃኑን ከመታወቂያው ጋር ባንድ ኩታ ጠምዶ።
እኔ አልወረድኩም። ጣሪያውን እያየሁ አሰላሁ፦
ይህን ቤት ማን ነው የፈረመው? ፈራሚውን አውቀዋለሁ?

ጠዋት ሠንጋ ተራ፣ ከባንኮቹ ጀርባ፣ ሰባተኛው ሶሌታ ላይ፣
አቶ አንዳርጌ ቀድመውኝ ቆመዋል፤ ዓይናቸው ወደ ሰማይ።
«ኢንጂነር፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሰው ነግሮኛል፤
የመንቀጥቀጡን ኃይል ለአራት አካፍለህ በሩቡ ሠርተህልኛል።
ሦስቱ እጅ የት ገባ? በላኸው ወይስ ረሳኸው?»
ትንፋሽ ሳይወስዱ ደግሞ፣ በከዘራቸው ኮለኑን ነካ አድርገው፦
«ይህስ ስታፋ በስታፋ ላይ፣ በየአስር ሳንቲው!
በየሃያው አይበቃም? ፌሮ ዛሬ ወርቅ ነው።»

አልበላሁትም፣ ጋሼ። ተበደርኩት እንጂ።
ሙሉውን በጉልበት ልቻለው ብል ኮለኑ ወፍሮ ወፍሮ
ሱቅዎ በር፣ ቢሮዎ መስኮት ባላገኘ ነበር።
ስለዚህ ከምድር ጋር ተዋዋልን፦
«ስትመጪ አልገተርብሽም፤ እታጠፋለሁ፤
ቢሜ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል፤ አቧራ እተፋለሁ፤
ግን አልወድቅም።»
ይህን ቃል አምኖ ነው ደንቡ ሦስቱን እጅ የማረኝ፤
ምሕረቱም በነፃ አይደለም፤ ዋስ ጥራ አለኝ።

ዋሱ ፊርማዬ አይደለም። የእርስዎም ባንክ አይደለም።
ላምቤቦ ቁጢጥ ብሎ የሚያጥፋት ይቺ ቀጭን ሽቦ ናት፣
ጫፏን ወደ ውስጥ፣ ወደ ኮለኑ እምብርት ሰብስቦ፤
ልስኑ ቢረግፍ፣ ቅርፊቱ ቢላጥ፣
ልቡን ታቅፋ የምትቀር፣ እንዳይፈረጥ።

«እጅ ታቆስላለች» ይላል ላምቤቦ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣
«ጫፏን ውጭ መተው ይቀል ነበር፤ ማን ያያል አርማታው ሞልቶ?»
ማንም አያይም።
ዋስ ማለት ይኸው ነው፤ ተቀብሮ የሚኖር፣
ባለዕዳው የተጠራ ቀን ብቻ ከጨለማ የሚናገር።

ኃይሉን አካፈልኩ እንጂ፣ ጋሼ፣ ጉዞው አልተካፈለም፤
ውዝዋዜው ያው ነው፤ አንዲት ጣት አልቀነሰም።
ምድር የገፋችውን ያህል ሄዶ መመለስ አለበት፤
ግትሩ ግን መሄዱን ይሄዳል፤ መመለሻ የለበት።

አቶ አንዳርጌ ከዘራቸውን በስታፋዎቹ መሃል ሰደዱ፤
እንደ መቁጠሪያ አንድ በአንድ ነኳቸው፣ ወደ ታች እየወረዱ።
«ይሁን» አሉ። «ከእብነ በረዱ ግን ትቀንስልኛለህ።»

ያልነገርኳቸው አለ።
ለገሃር አጠገብ፣ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሚክሰሩ እየዞረ፣
ዝናብ መጣሁ መጣሁ እያለ፣ ቀኑ አርብ ነበረ።
ስታፋዎቹን አየኋቸው፤ ጫፋቸው ወደ ውስጥ አልገባም።
ፎርማኑ ዓይን ዓይኔን ያያል።
«ይሞላ» አልኩ። ፈረምኩ።

ዛሬ ምድር ቤቱ ፋርማሲ ነው፤ ሁለተኛው ፎቅ ልብስ ስፌት ያስተምራል፤
አምስተኛው በረንዳ ላይ የሕፃን ካልሲ ተሰጥቷል።
እኔ በየማታው ታክሲ የምጠብቀው እሱ ሥር ነው።
ዛሬም ቆምኩ። መስታወቱ ሙሉ ነው፤ ግድግዳው ጭረት የለበትም፤
ትናንት አልተጠራም ማለት ነው፤ ዕዳው ግን አልተሰረዘም።
«ብድር በምድር» ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር።

ኮለን ብረት አልብሶ ማዳን ይቻላል፤ ስሌቱን አውቀዋለሁ፤
መጀመሪያ ግን ሰው ፊት ቆሞ «እኔ ነኝ» ማለት አለ።
«ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው!» ይጮኻል ረዳቱ።
መዳፌን ከኮለኑ አንስቼ ወደ ፋርማሲው ገባሁ።
«ምን ልስጥዎት?» አለች ልጅቷ።
የራስ ምታት ኪኒን ገዛሁ፤
መልሱን ሳልቀበል ወጣሁ።